ለቆራሌ የሸጥሁት ሸክላ

ዘመን መለወጫ ሲቃረብ በየቤታችን የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አልጋ ከቦታው ይነሣል፣ ሣጥን ይገለበጣል፣ ዓመት ሙሉ ጓዳ ውስጥ የተደበቀው ኮተት ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ለመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚጣለውንና የሚቀመጠውን የሚወስነው ማን ነው? በአብዛኛው እኛ ሴቶች ነን። እኔም ዛሬ የማጫውታችሁ ይህንኑ ሥልጣን አለአግባብ ስለተጠቀምሁበት አንድ ቀን ነው።

ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም. በጳጉሜን ነው። እናቴ የታመመች እኅቷን ለማስታመም ደሴ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቤቷ አምሮ እንዲጠብቃት ብዬ ጓዳውን ሳጸዳ ከአልጋዋ ሥር አንድ የብስኩት ካርቶን አገኘሁ። በውስጡ ሠላሳ ያህል ትንንሽ የሙዚቃ ሸክላዎች ነበሩ። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በቤታችን ቴፑም ሲዲውም አለ። «ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አልሁና በሰፈራችን የሚያልፈውን ቆራሌ ጠርቼ ከአሮጌ ድስትና ከባዶ ጠርሙስ ጋር በ25 ብር ሸጥሁለት።

እናቴ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን ፈለገች። የሆነውን ነገርኋት። አልተቆጣችም። «የብዙነሽንም?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «አዎን» ስላት ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ቡና አላፈላችም። እናቴ ቡና ሳታፈላ የዋለችበት ሌላ ቀን ቢኖር የማስታውሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል ወጣቶቹ ሸክላ ሲባል የሚታያቸው ጀበናና ምጣድ ይሆናል። የሙዚቃ ሸክላ ግን ድምፅ በቀጭን መስመር የተቀረጸበት ጥቁር ክብ ነው። ትንሹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሲሆን በፊቱ አንድ፣ በጀርባው አንድ ዘፈን ይይዛል። በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለረጅም ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመና የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ድምፅ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። አምሐ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አሳትሟል። ፊሊፕስና ካይፋም የየበኩላቸውን አወጡ። ከዚያ ካሴት መጣና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሸክላው ዘመን አበቃ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ አሥር ዓመት አይሞላም። በዚያ ጊዜ እናቴ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ትሠራ ነበር። ከደመወዟ እየቀነሰች የክብር ዘበኛዋን ድምፃዊት የብዙነሽ በቀለን፣ የፖሊስ ኦርኬስትራዋን የሒሩት በቀለን፣ የሌሎችንም ሸክላ ትገዛ እንደ ነበር የሰማሁት ካርቶኑ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅማ!

ጥፋቴን ለማረም ፍለጋ ጀመርሁ። ቆራሌ የሰበሰበው ዕቃ ብዙውን ጊዜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስለሚደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ እሄድ ጀመር። የእናቴን ካርቶን ያየ ሰው አላገኘሁም። ነገር ግን ከተሰበረ ሬዲዮና ከምድጃ ክዳን መካከል ሌሎች ሸክላዎችን አገኘሁ። ባዶ እጄን ላለመመለስ አንድ ሁለት ገዛሁ። ከዚያም የሚሠራ ማጫወቻ አስፈለገኝ።

በቤት ተቀምጬ ሳደምጣቸው ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን በፊት ለፊቱ ነው፤ ሸክላውን ስትገለብጡት ግን በሬዲዮ ሰምታችሁት የማታውቁት ዘፈን ይወጣል። እንደ ሕፃን ልቅሶ «ዋ ዋ» የሚል ጊታር፣ የሚንቀጠቀጥ ኦርጋን፣ ከሩቅ ገደል የሚመለስ የሚመስል ሳክስፎን፣ ከዚህም ሁሉ በላይ የእኛው ትዝታና አምባሰል ቅኝት። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህን ዐይነቱን ድምፅ ሳይኬዴሊክ ይሉታል። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ዘፈኖች ለዓለም አሰምቷል። እኛ ለቆራሌ የሰጠነውን አንዱን ሸክላ ባሕር ማዶ በብዙ መቶ ዶላር የሚገዛው አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

በሰባተኛው ወር ተሳካልኝ፤ እናቴ ትወደው የነበረውን የብዙነሽን ሸክላ አገኘሁ። በሽፋኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለውዷ እኅቴ መታሰቢያ፣ 1965» የሚል የማላውቀው ሰው ጽሑፍ አለበት። እየሮጥሁ ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። መርፌውን አስቀመጥሁት። ዐይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አደመጠች፤ ከዚያም፣

«ደግ አደረግሽ። ግን የእኔ አይደለም» አለችኝ።

«ዘፈኑ ያው አይደለም እንዴ እማዬ?»

«ዘፈኑስ ያው ነው። የእኔው ግን ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል ይዘላል።»

ለምን እንደሚዘል ጠየቅኋት። «ወንድምሽ ነዋ!» አለች። «በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ገና ይድሃል። ዘፈኑን ሲሰማ የጠረጴዛውን እግር ይዞ ተነሣና ቆመ። ጠረጴዛው ተናጋ፤ መርፌው ሸክላውን ጫረው። አባትሽ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት እኔ ቆመ እኮ ብዬ እልል አልኩ። ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ይዘላል፤ እኔም እስቃለሁ።»

ታላቅ ወንድሜ በ1981 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። ቀደም ብዬ የጠቀስሁላችሁ፣ ቡና ያልፈላበት ሌላው ቀን መርዶው የመጣበት ዕለት ነው። በቤታችን ሁለት ፎቶግራፎቹ አሉ። የመጀመሪያ ቀን አቋቋሙ ግን በዚያች ጭረት ላይ ብቻ ነበር። እሷንም እኔ በ25 ብር ሸጥኋት።

ውድ አንባብያን፣ ዘፈን ተመልሶ ሊታተም ይችላል፤ ታትሟልም። ጭረት ግን እንደገና አይታተምም። ስለዚህ የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ሲነገር ገንዘቡን ብቻ እንዳናስብ አደራ እላለሁ። የእናቶቻችሁን ካርቶን ከማውጣታችሁ በፊት እነሱን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ በሽፋኑ ውስጥ አኑሩት። ሸክላውን በተመለከተ አያያዙ ከባድ አይደለም። እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሩት እንጂ አትከምሩት፤ ክብደትና ሙቀት ያጣምመዋል፤ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። በጠርዙ ያዙት፤ የጣት ወዝ መስመሩ ውስጥ አቧራ ያጣብቃል። ከማጫወታችሁ በፊት በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉት። መርፌው ካረጀ ለውጡት፤ ያረጀ መርፌ በዞረ ቁጥር መስመሩን ይበላዋልና።

እናቴ ዛሬ 75 ዓመቷ ነው፤ እኔም 140 ያህል ሸክላ አለኝ። ባለቤቴ «ቤቱን ምናለሽ ተራ አደረግሽው» እያለ ይቀልድብኛል። የብዙነሽን ያንኑ ዘፈን ብቻ አራት ቅጂ ገዝቻለሁ። አንዱም ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል አይዘልም። እናቴ አምስተኛውን አትግዢ ትለኛለች፤ አዲስ ሸክላ ይዤ በገባሁ ቁጥር ግን ከረከቦቱ ቀና ብላ ጆሮዋን ትሰጣለች።

ከእናንተ መካከል የብዙነሽ ሸክላ በቤቱ ያለ ሰው ቢኖር እስቲ አንድ ጊዜ አጫውቶ ያድምጥልኝ። ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል የሚዘል ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ለማንም አትሽጡት።