ሳላነብ የመለስኩት ወረቀት

በሰፈራችን ልብስ እያጠበች ልጇን የምታሳድግ ሴት አለች። ሽሮ ሜዳን ቤት ለቤት ዞራ በእጇ ስታጥብ ኖራ፣ እቁቧ ሲደርሳት ማሽን ገዛችና መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ለታፔላ የሚሆነውን ጽሑፍ በደብተር ወረቀት ጽፋ በልጇ ላከችልኝ። አራሚ መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል። "እማዬ ጋሼ ፊደሉን ይዩልኝ ብላለች" አለኝ።

ስልክ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ "ጥሩ ነው በላት" ብዬ መለስኩለት። በዚያው ሰሞን ቢሮ ውስጥ፣ "ሠዓሊ" በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ ለማኝ ማለት ይሆናል ብዬ፣ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ዘርግቼ ግማሽ ቀን ተከራክሬአለሁ። ለእሷ አራት ቃል ግን ዓይኔን አልሰጠሁም።

ታፔላው ተሰቀለ፦ "ምንጣፍና ብርድ ልብስ እናጠባለን"።

ለልብስ "እናጥባለን" ነው፤ "እናጠባለን" የሚባለው ለጡት ነው። ስሕተቱ ግን ያለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። "አጠበች"፣ "ማጠብ"፣ "ይታጠባል" ሁሉም በጠ ነው የሚጻፉት፤ "እናጥባለን" ላይ ሲደርስ ወደ ጥ ይዞራል። የጡቱ ደግሞ ተገላብጦ፣ "ማጥባት" በጥ ሆኖ ሳለ "ታጠባለች" በጠ ይመጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥብ የኖረች ሴት "ማጠብ"ን አስባ ጠ ብትጽፍ ምን ይደንቃል? ታፔላ ጻፊውም የተሰጠውን ገለበጠ። መሀል ገብቶ ማቃናት የእኔ እንጀራ ነበር።

ፎቶው በቴሌግራም ዞሮ ቢሮአችን ደረሰ። ባልደረቦቼ ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ። አንዱ፣ "ምናለ ለሚያውቅ ሰው ብታሳይ?" አለ። "ለእኔ አሳይታኝ ነበር" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በሯ ላይ እየቆሙ፣ "ብርድ ልብሱ ጡት ጣለ ወይ?" ይሏት ጀመር። ልጇ በዚያ በኩል መምጣቱን ትቶ በጓሮ ዞሮ ይገባ ነበር።

አንድ ማታ ሳልፍ በርጩማ ላይ ቆማ፣ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ያቺን አንዲት ፊደል ስትፈትግ አየኋት። ቀለሙ ሟሙቶ ነጩን መደብ አጠቆረው እንጂ አልለቀቀም። ሳሙና የላጣቸው ጣቶቿ በሰማያዊ ቀለም ተለውሰዋል። ስታየኝ ከበርጩማው ወረደችና፣ "እንዴት አመሹ ጋሼ" አለችኝ። "ደህና አመሸሽ" ብያት አለፍኩ። ከሁሉ አብልጦ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ያን ጊዜ ጨርቁን ተቀብያት "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብል ኖሮ አብረን እናጠፋው ነበር።

ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ፣ "ያን ወረቀት አላነበብኩትም ነበር፤ ይቅር በይኝ" አልኳት። የምታጣጥፈውን አንሶላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ልጄ ያኔውኑ ነግሮኛል" አለች። "'እማዬ፣ ሳያነቡት ነው የመለሱልኝ' ሲለኝ፣ 'ጋሼ ሳያነቡ ጥሩ ነው አይሉም፤ ውሸታም' ብዬ ገረፍኩት።"

ልጁ ከማሽኑ ኋላ ቆሞ ይሰማን ነበር። ሄጄ እሱንም ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አላየኝም።