ውሃ እስኪል

ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ላስተምረው ነው ብዬ ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልትደብቂው ነው እንዴ?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ጉለሌ ሳድግ ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብሎ አንድ ልጅ ነበር፤ ድምፁን እንጂ መልኩን አናውቀውም። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ያስገቡታል። ጸበል ወስደውታል ይባላል፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የተጋፈጡት ይህንን የጓዳ በር ነው። የራሳቸውንም ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነበር። እሳቸው በ2021 አረፉ፤ በሩ ግን በመጠኑም ቢሆን ተከፍቷል። እናቴ እንግዲህ ይህን ሁሉ አይታ ነው ልጁ ወደ ቤት ተመለሰ ስትባል የደነገጠችው።

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛ ልጅን እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ በ1990 ደግሞ ኦቲዝም በስሙ ገባበት። ለእያንዳንዱ ልጅ አይ.ኢ.ፒ. የሚሉት የግል የትምህርት ዕቅድ ይጻፍለታል። የእኛ ሲጻፍ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት ሰው ተቀምጦ ነበር፣ ሰባቱም ፈገግ እያሉ። ወረቀቱ ምን ይወጣለታል! ልጄ ግን በየቀኑ ሳንድዊቹን ሳይነካ፣ የሹራቡን እጅጌ እስከ ክርኑ አኝኮና አርሶ ይመለስ ነበር። የክፍሉ ረዳት ለእሱና ለሌሎች ሦስት ልጆች አንድ ነበረች። የእሳት ደወል ልምምድ የተደረገ ዕለት ማታውን በሙሉ ጆሮውን ይዞ አደረ።

ስለዚህ አወጣሁት። የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። እስከ ነሐሴ 9፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ ለወረዳው የትምህርት ኃላፊ ማሳወቅ፣ በዓመቱ ደግሞ ልጁ መሻሻሉን ማሳየት ነው። ፍራንክፈርት ያለችው ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ ስላለበት እሷ ብትመኘውም አይፈቀድላትም። ነገር ግን ነፃነቱ ዋጋ አለው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ የአይ.ኢ.ፒ.ው ዋስትና አብሮት አይወጣም። የንግግር ሕክምናውን ጣጣ አሁን በራሳችን ተሸክመነዋል፤ ባለቤቴ ሌሊት ይነዳል፣ እኔ ማታ ሽፍት እገባለሁ፣ ጠዋቱ የልጁ ነው።

በዚህ መንገድ የገባ ሰው ሁሉ የካሊፎርኒያውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሎቫስን ስም ይሰማል። በ1987 የታተመው ጥናቱ 19 ልጆችን በሳምንት 40 ሰዓት ያህል አንድ ለአንድ፣ በአብዛኛው ቤታቸው ውስጥ አስተምሮ 9ኙ እኩዮቻቸውን ደረሱ ይላል። ሰው 9ኙን ይዞ ይሮጣል። ልጆቹ ለጥናቱ በዕጣ አልተመደቡም፤ ማስተማሪያው ውስጥም ቁጣና ጭን ላይ መምታት ነበረበት። (በአለንጋ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ይህን ለማወቅ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር።) እኔ 40 ሰዓትም የለኝ፣ ዱላም አልፈልግም።

ያለኝ እንጀራ ነው። ልጄ እርጥብ ነገር ሲነካው ይሰቀጥጠዋል፤ እንጀራ ደግሞ እርጥብ ነው። አንዲት ባለሙያ ከኋላ ጀምሪ አለችኝ። መቁረሱንም ወጡ ላይ ማሳረፉንም መጠቅለሉንም እኔ እጨርሳለሁ፤ የእሱ ሥራ መጉረስ ብቻ ነው። እሱን ሲለምድ መጠቅለሉን ጨመርንለት። አሁን ጠርዙን፣ ደረቁን በኩል፣ ራሱ ይቆርሳል። የትኛው የትምህርት ቤት ካፊቴሪያ ነው ይህን የሚያስተምረው?

አንድ ለአንድ ማስተማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ተራው ሲደርስ የኔታ ፊት የሚቀርበው ብቻውን ነው። ዛሬም አዲስ አበባ አቅም ያለው ቤት ሁሉ አስጠኚ ይቀጥራል። ኦቲዝም ያለባት ልጅ ያለቻት የአክስቴ ልጅም ልዩ ፍላጎት ያጠናች አስጠኚ ቀጥራለች። አምና ሄጄ አየሁ። አስጠኚዋ ጎበዝ ናት፤ ግን ሠራተኛዋ ሽንኩርት እየከተፈች መልሱን ለልጅቷ ትነግራታለች፣ አያትየው ከሶፋው ያበረታታሉ፣ ለቡና የመጣች ጎረቤት ታጨበጭባለች። አንድ ለአንድ የተባለው አንድ ለአምስት ሆኖ አረፈው። ደግሞም ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትስቃለች፤ የእኔ ልጅ ጠዋት ጠዋት የሚያየው የእኔን ፊት ብቻ ነው። በዚህ ቀናሁባት።

ባለፈው ክረምት እናቴ ስድስት ወር ልትቀመጥ መጣች። እኛ ቤት ውሃ የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው። ብርጭቆውን ዓይኑ ፊት ይዤ፣ ከንፈሬን ሞጥሙጬ እጠብቃለሁ፤ «ው» ብትወጣው ይበቃል። እናቴ ይህን ስታይ ነጠላዋን አጣፋች። «ልጅ ጠምቶት እያየሽ ታስጠብቂዋለሽ? እናንተን ሳትጠይቁኝ አይደል ያጠጣኋችሁ?»

«እማዬ፣ ሳይጠይቅ ካገኘ ለምን ይናገራል?»

አልመለሰችልኝም። በማግስቱ ግን ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ወጥ ቤት ቆመዋል። ብርጭቆው በእሷ እጅ ነው፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። ልጄ ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ፣ እጅጌውን ወደ አፉ ወሰደና መለሰው።

«ው» አለ።

ሰጠችው። ጠጥቶ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ቀድታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ይዛለት ቆማለች።