ከዋያሌያሌ እስከ ዞብል

ሊሁኤ፣ ካዋይ ደሴት

ካዋይ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከተበተኑት የሃዋይ ደሴቶች አንዷ ናት። መሀል ወገቧ ላይ ዋያሌያሌ የሚባል ተራራ አለ፤ ራሱን ከደመና የሚያወጣበት ቀን ጥቂት ነው። በአናቱ ላይ በዓመት በአማካይ ከ9 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። እኔ የተወለድኩባት ቆቦ ዓመቱ ደግ ሲሆን የምታገኘው 600 ወይም 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአውሮፕላን ወርጄ ያንን ደመና ሳይ በልቤ ያሰላሁት የገበሬ ልጅ ሒሳብ ነበር፤ የዚህ ተራራ የአንድ ዓመት ዝናብ ለቆቦ ሜዳ ከአሥር ዓመት በላይ ይበቃዋል።

የመጣነው ለዕረፍት ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና አሜሪካ የተወለደችው ልጃችን። በጎማ ተቀምጦ በውሃ ላይ የመንሳፈፍ ጉብኝት መኖሩን ፈልጋ ያገኘችው ልጄ ናት። እኔን የሳበኝ ጎማው የሚሄድበት ቦታ ነው። ወንዝ አይደለም፤ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተቆፍሮ የነበረ የመስኖ ቦይ ነው። እኛ አገር በመስኖ ቦይ የተነሣ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይዳኛል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊዝናናበት ይሄዳል ሲባል ግን ገና መስማቴ ነው።

ጠዋት በከባድ መኪና ተጭነን የድሮውን የሸንኮራ መሬት አቋርጠን ወጣን። ማሳውን ሣርና ቁጥቋጦ ወርሶታል። ቦዩ አፍ ላይ ሄልሜት፣ የግንባር መብራትና ጓንት ታደለን። ጎማው የጭነት መኪና የውስጥ ላስቲክ ይመስላል፤ ከዚያ ግን ይሰፋል፣ መያዣም አለው። ሰው መሀሉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ፊት ይዘረጋል። አንድ አስጎብኚ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኑ፤ ልጆች መሀል ገቡ። መመሪያው አጭር ነው። ግድግዳ ሲቀርብህ በእግርህ ገፋ አድርገህ ተመለስ። ውሃው ሲሳሳ አስጎብኚው ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወገቡን ከፍ ያደርጋል፣ አለዚያ ድንጋይ ያገኘዋል። ውሃው ከተራራው እንደወረደ ስለሆነ እግር ያደነዝዛል።

ውሃው አይጣደፍም። ጎማው በዝግታ እየዞረ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያሳይሃል። ባለቤቴ መጀመሪያ መያዣውን አጥብቃ ይዛ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጨብጣ የያዘችውን ለቃ ከላይ የተከደነውን ቅጠል ትመለከት ጀመር። ልጄ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመች ትስቃለች። የኔ ዓይን ግን ከቦዩ ወለል አልተነሣም። ውሃ በቦይ ውስጥ ሳይቆምም ሳይሮጥም እንዲሄድ ከተፈለገ ቁልቁለቱ በልክ መሆን አለበት። ከበዛ ቦዩን ይበላዋል፤ ካነሰ ደለሉን እዚያው ጥሎ ይደፍነዋል። እዚህ የተቆፈረው በልክ ነው። የቆፈሩት ሰዎች ካለፉ ዘመን ቢቆጠርም ውሃው ዛሬም እነሱ ባሰቡት ፍጥነት ይሄዳል።

ታሪኩን አስጎብኚዎቹ በየመታጠፊያው ይናገራሉ። የሊሁኤ የስኳር እርሻ የተመሠረተው በ1849 እ.ኤ.አ. ነው። ዝናቡ በተራራው ላይ ሲበዛ ታች ያለው ማሳ ይጠማ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ ዊልያም ሃሪሰን ራይስ የተባለው የእርሻው አስተዳዳሪ የሃናማኡሉን ቦይ አስቆፈረ፤ በሃዋይ ለሸንኮራ እርሻ ከተቆፈሩት ቦዮች ቀዳሚው ነው። ከዚያ በኋላ ቦይ በቦይ ላይ ተጨመረ፣ ኮረብታውም ተበሳ። አገዳውን የሚቆርጡት፣ ቦዩን የሚጠብቁት ከአገሬው ሌላ ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከፖርቱጋል፣ በኋላም ከፊሊፒንስ በኮንትራት የመጡ ድሆች ነበሩ። እርሻው በ2000 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ስኳሩ ቀረ፣ ቦዩ ቆየ።

ቦዩ የሚያልፍባቸው ዋሻዎች አምስት ናቸው። አንደኛው ውስጥ ስንገባ አስጎብኚው መብራታችንን እንድናጠፋ ጠየቀን፤ ጨለማው ዓይን ተከፈተም ተዘጋም አንድ ሆነ። መልሰን ስናበራ ግድግዳው ላይ የዶማው ምት ተራ በተራ ታየ። ዋሻው ዙሪያውን በሰው እጅ የተፈለጠ ነው። ኩራዝ በመሰለ ብርሃን፣ ጉልበት ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይህን ድንጋይ የፈለጠው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ልጄን ጠርቼ ምቶቹን በእጇ እንድትዳስስ አደረግኋት።

ስንወጣ መዋኛ ኩሬ ዳር ምሳ ቀረበ። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ በትልልቅ ወንዞች ላይ በጀልባ የሠራ ሰው ነው። ከየት እንደመጣን ጠይቆ ኢትዮጵያ ስንለው ፊቱ በራና "ኦሞ!" አለ። አልተሳሳተም። በዚህ ሥራ ዓለም ውስጥ የአገራችን ወንዞች ስም ከባድ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት የእንግሊዝ ጦር ጓድ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ዓባይን በጀልባ ወርዷል፤ ከአባላቱ አንዱ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን ወረዱ። ላቋቋሙት የጉዞ ድርጅት ያወጡለት ስም ሶቤክ ነው፤ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ፤ የኦሞ አዞዎች አስፈርተዋቸው ነበርና። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ መነሻ ተነሥተው በወራት ጉዞ ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። ይህ ሁሉ ሲወራ ከጎጃም ወሎ፣ ከወሎ ጎጃም ሰውና ዕቃ በጀሪካንና በተነፋ ላስቲክ የሚያሻግሩት የዓባይ በረሃ ዋናተኞች ሳይነሡ ይቀራሉ። ለእነሱ ዓባይ የዕለት ሥራቸው ነው።

"አባዬ፣ ቆቦም እንዲህ ያለ ቦይ አለ?" አለች ልጄ አፏ ሳንድዊች ሞልቶ። አለ ብዬ ጀመርኩላት፤ ሆቴል እስክንደርስ አልጨረስኩም።

ቆቦ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋና መንገድ አላውሃን ተሻግሮ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አላማጣ ነው። በስተ ግራ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሯል። በስተ ቀኝ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከእነሱ ማዶ አፋር ነው። መሀሉ ዝርግ ሜዳ፣ ቆላ ነው። ወንዞቹ፣ ሆርማትም ጎሊናም ሌሎቹም፣ ሁሉም ከምዕራብ ከደጋው ይወርዳሉ። በጋ የመጣ እንግዳ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ ከአብዛኞቹ የሚያገኘው ሰፊ አሸዋና ድንጋይ ነው። ፍየል ይሻገርበታል፣ የጭነት መኪና አሸዋ ይጭንበታል። ለዚህ አሸዋ ይህን የሚያህል ድልድይ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅም አለ።

መልሱ በሐምሌ ይመጣል። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ ደመናው ይጠቁራል። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ከወንዙ በኩል ድምፅ ይሰማል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰጠው፣ ከብዙ ወፍጮ ቤት በአንድ ላይ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ። ከዚያ የጎርፉ ግንባር ይታያል። ቡናማ ነው፤ ግንድና እሾህ እየገፋ፣ አፈር ተሸክሞ ይመጣል። ለጥቂት ሰዓታት ይወርድና ይጎድላል። ገበሬው ለዓመት የሚበላውን የሚይዘው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነው።

ሥራው ጎርፍ ጠለፋ ይባላል። ወንዙ ከተራራው ወጥቶ ሜዳውን በሚይዝበት ቦታ ላይ ገበሬዎች ከክረምቱ በፊት በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ ሰያፍ ካብ ይሠራሉ። ካቡ ወንዙን በሙሉ አይዘጋም፤ ልክ ያለው ጎርፍ ሲመጣ ከፊሉን ወደ ዋናው ቦይ ያዞራል። ከዋናው ቦይ ወደ መጋቢ ቦዮች፣ ከመጋቢ ወደ ማሳ ይሄዳል። ማሳው ዙሪያውን በእርከን ታጥሯል፤ ውሃው ይተኛበታል፣ ይሰርጋል፣ ደለሉን ጥሎ ያልፋል። ጎርፉ ከአቅም በላይ ሲሆን ካቡ ይፈርሳል። የሚፈርሰው ለደግ ነው። ባይፈርስ ያ ሁሉ ውሃ ወደ ማሳውና ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ጎርፉ ሲያልፍ ሰው ተጠራርቶ መልሶ ይሠራዋል።

ቆቦ በምትገኝበት በራያ የሲሚንቶ ግድብና የብረት በር የተሠራላቸው ወንዞች አሉ። ከእነሱ መካከል በደለል የተደፈኑት፣ በራቸው ለጎርፉ የጠበበው ጥቂት አይደሉም። ገበሬውም ወደ ድንጋዩና ወደ እሾሁ ተመለሰ። ጥናቶች ይህን ሲያወሱ የሚያስቀምጡት እንደ ንድፍ ችግር ነው። እኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አይበታለሁ። ንድፉን የሠሩት ሰዎች የውሃውን አባት ቀድመው ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ ጎርፉ አፈርና ድንጋይ ይዞ እንደሚመጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነግራቸው ነበር።

የውሃ አባት የሚባለው ቦዩን የሚጋሩት ገበሬዎች የሚመርጡት ሰው ነው። ተራ ያወጣል፣ ሥራ ያስወጣል፣ የቀረውን ያስቀጣል። ቁልቁለቱን በዓይኑ ይለካል፤ ካዋይ ቦይ ውስጥ ያየሁት ልክ እሱ ጋ በመሣሪያ ሳይሆን በዕድሜ የተገኘ ነው። ሌሊት "ጎርፍ መጣ!" ሲባል መጀመሪያ አካፋውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። በእኔ ልጅነት ወንዶቹ ሁሉ ተከትለውት በጨለማ ይወጡ ነበር፤ እኛ ልጆች ከእናቶቻችን ጋር ደጅ ቆመን ድምፃቸውን እንሰማለን። ላይኛው ማሳ ጠግቦ ሳያሳልፍ ከቀረ፣ ታችኛው ባዶውን ካደረ፣ ንጋት ላይ ዳኝነቱ የእሱ ነው። ያንን ዳኝነት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሰው እየጮኸ ይገባል፣ ሽማግሌ ይናገራል፣ ቀጣዩ ጎርፍ የማን እንደሆነ ተወስኖ ይወጣል።

ይህ ውሃ የሚያበቅለው በዋናነት ማሽላና ጤፍ ነው። እንደ ጅጉርቲ ያሉት የቆቦ የማሽላ ዘሮች ረዥም ወራት መሬት ላይ የሚቆዩ ናቸው፤ ዝናቡ መስከረም ላይ ቢያቋርጥ እንኳ አፈሩ ውስጥ የተኛው ጎርፍ ያደርሳቸዋል። ዛሬ በሜዳው ላይ የጉድጓድ ውሃ በሞተር ተስቦ የሚለማ ሽንኩርትና ቲማቲምም አለ፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ያስፋፋው ነው። መልካም ነው፤ ግን ሞተር ነዳጅ ወይም መብራት ይፈልጋል። ጎርፉ አፈሩንም ይዞ በነጻ ይመጣል።

ይህ ጥበብ በየመን ሸለቆዎች፣ በኤርትራ ቆላ፣ በፓኪስታንም አለ።  ወደ ላሊበላ ሲሄድ በወልድያ በኩል የሚያልፈው መንገደኛ ግን ከዚያ በቅርብ ርቀት ላይ ይህ እንዳለ የሚነግረው የለም። ካዋይ ላይ ሰው ማብላት ያቆመ ቦይ ይህን ያህል ሰው ይጠራል። የእኛው ገና እያበላ ነው። እኔ የምለው፣ ከአፉ እስከ መጨረሻው ማሳ ድረስ ቦዩን ተከትሎ የሚያስኬድ፣ የውሃ አባት የሚመራው፣ ክፍያውም ለቦዩ ተጠቃሚዎች የሚገባ የእግር ጉዞ ቢኖር ወንዝ ላይ ከሚደረግ ከየትኛውም ጉብኝት ጋር ይወዳደራል።

በጎማ መንሳፈፍስ? ልጄም ይህንኑ ጠይቃኛለች። በቆቦ ጎርፍ ላይ በፍጹም አይሞከርም። ካዋይ ላይ ውሃው በበር የተገታ፣ ጥልቀቱ የታወቀ፣ ግንድም ድንጋይም የማይገፋ ነው። ሆርማት ሲሞላ በሬ ይወስዳል።

ለሚሄድ ሰው

ጊዜው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጨፍራሉ፤ ጎርፉም በዓሉም በአንድ ሰሞን ይገኛሉ። ከ2013 ዓ.ም ሐምሌ ወዲህ ከተማዋና ገጠሩ ብዙ ጦርነት አሳልፈዋል፤ ስለዚህ ጉዞ ከመጀመር በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያሉ ሰዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀበሌው ቦዩን የሚያውቅ ሰው ያገናኛል፤ ቡና ሳይጠጡ ወደ ቦዩ መሄድ የለም። የደጋው ሰማይ ከጠቆረ አሸዋው ላይ መኪና አይቆምም፣ ፎቶ ለማንሣትም አይወረድም፤ ቆቦ ላይ ጠብታ ባይወድቅም ውሃው መንገድ ላይ ነው። የሚቆመው ካቡ ካለበት በላይ፣ የውሃው አባት በሚያሳይበት ዳር ላይ ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ሲል አብሮ ወደ ኋላ ማለት ነው።