ስለ ባላገር ነጻነት

የከተማ ሰው የባላገርን ኑሮ ሲያመሰግን ከሁሉ አስቀድሞ ነጻነቱን ያነሣል። እኔም ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ በወላይታ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደምትገኘው ወደ ሁምቦ ለሥራ በወረድሁ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ልወጣና ልገባ ተመኝቼ ነበር።

ነገር ግን ባላገር ሰውን ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ የያዝኸውን በስንት ገዛኸው ይላል። ማለዳም ጎረቤቶች ለቡና ቅጠል ይጠራራሉ፤ ይኸውም የቡናውን ቅጠል ወቅጠው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋራ አፍልተው የሚጠጡት ነው። የቀረ ሰው ቢኖር ስለ ምን እንደ ቀረ ይመረመራል።

በዚህ ነገር ተሰላችቼ አንድ ቀን በሬን ዘግቼ መጽሐፍ ሳነብ፣ ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊት በሩን መቱ። በከፈትሁላቸውም ጊዜ ፊቴን ትክ ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ደጁን በቀን የሚዘጋ ወይ የታመመ ወይ የተቀየመ ነው፤ አንተ የቱ ነህ?» አሉኝ። «ከሁለቱም አይደለሁም» ብዬ መልሼ ዘጋሁባቸው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወባ ያዘኝ። በዚያን ጊዜ በሬ የተዘጋው በፈቃዴ ሳይሆን፣ ተነሥቼ የምከፍትበት ጉልበት ስላጣሁ ነው። የዘጋሁባቸው ሴትዮ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። እርሳቸው ግን መጡ፤ ልጆቻቸውንም ጠርተው በሩን አስገንጥለው፣ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

እስካገግም ድረስ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ አይ ነበር። ያ ተራራ ሁሉም እንደ ፈቀደ እንጨት ሲቈርጥበትና ከብት ሲያሰማራበት ተራቍቶ ነበር። በኋላ ግን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሕዝቡ በወርልድ ቪዥን ረዳትነት በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር መሬት ከምሣርና ከከብት ከለለ። ሣሩን እያጨደ ለከብቱ ወሰደ እንጂ ከብቱን አላስገባም። ከመሬት በታች ሕያው ሆኖ የቈየው የጕቶ ሥርም አቈጠቈጠ፤ ዱሩም ተመለሰ። እንግዲህ ማንም ማንንም በማይጠይቅበት ዘመን ለማንም ያልተረፈው ተራራ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በተጠያየቁ ጊዜ ለሁሉም በቃ።

ዛሬ በአዲስ አበባ እኖራለሁ፤ በዚህም ስለ መውጣቴና ስለ መግባቴ የሚጠይቀኝ የለም። ባለፈው ወር የአንድ ጎረቤቴ በር ሁለት ቀን ሙሉ ሳይከፈት ቢቀር፣ እያፈርሁ ሄጄ መታሁት። ሰውዬው ከፍቶ በመገረም አየኝ። የማላውቀው ሰው ነበርና የምናገረው ጠፍቶኝ፣ «ደኅና መሆንዎን ልጠይቅ ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ይግቡ» አለኝ።