ሰዓት እላፊና የአይቤክስ ሌሊቶች

«ሕዝብ እያለቀ ሙዚቀኞቹ እስኪነጋ ይጨፍሩ ነበር» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም። እስኪነጋ የተጨፈረው በሩ ተቆልፎ ስለነበር ነው። በደርግ ጊዜ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይያዛል፤ ሲብስም ይተኮስበታል። ሙዚቃ ቤት የገባ ወይ በጊዜ ይወጣል፣ ወይ እዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል እንዲህ ያነጉ ነበር።

እኔ የአቃቂ ልጅ ነኝ። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራሁ በፋብሪካው የኪነት ቡድን ባስ ጊታር እጫወት ነበር። የጊታር ክር እንደ ልብ አይገኝም። ያለቀውን ፈትተን በድስት እንቀቅለዋለን፤ የእጅ ወዙ ሲለቅ መልሰን እንወጥረዋለን፤ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይመለሳል። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር ራስ ሆቴል የምሄደው የአይቤክሱን ባስ ተጫዋች የጆቫኒ ሪኮን ግራ እጅ ለማየት ነው።

እስከ እኩለ ሌሊት ጨዋ ምሽት ነው፤ ሰው ይበላል፣ ባንዱ ቀስ ያለ ነገር ይጫወታል። በሩ ሲዘጋ ሌላ ዓለም ይሆናል። ወንበር ይገፋል፣ ክራባት ይፈታል፣ ጄምስ ብራውንና እስክስታ አንድ ወለል ላይ ይገናኛሉ። የሰላም ሥዩም ጊታር ይጮሃል፣ የፈቃደ አምደመስቀል ሳክስፎን ይከተላል፣ ከሥር የጆቫኒ ባስ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። አንዱ ዘፈን አለቀ ስትል እንደገና ይነሳል። የሚሄድበት የሌለውን ሰው ሌሊቱን ማሻገር ነበረባቸው፤ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ አሻገሩት።

በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ቅዳሜ፣ እኔና የኪነት ቡድናችን ድራም መቺ ማደር አልቻልንም። እናቱ ታመው ነበር። በጊዜ ወጣን፤ ያሳፈረን ሾፌር ግን ሰዓቱን ፈርቶ ሳሪስ ላይ አወረደን። በእግራችን ቃሊቲ ሳንደርስ ተያዝን።

የወሰዱን አዳራሽ ሰው በሰው ላይ ነበር። መርማሪው እጄን ገልብጦ በባትሪ አየ። የግራ ጣቶቼ ጫፍ በክር ደድሯል። «ይሄ የምንድን ነው? ወረቀት የምታባዛው አንተ ነህ?» አለኝ። ጊታር ነው ብዬ ብነግረውም አላመነም። ሙሾ በሚመስል ድምፅ ባሱን በአፌ አዜምኩለት። በጥፊ መታኝና ወደ ጥግ መለሰኝ።

ሌሊት ሌሊት ስም ይጠራል። «ከነዕቃህ ውጣ» የተባለ አይመለስም። ጓደኛዬም ተጠራ። ጃኬቱን አውልቆ ጭኔ ላይ ጣለና «ለእማዬ ስጥልኝ» አለኝ። ዕቃው እሱ ብቻ ነበር። እኔን ከሳምንታት በኋላ ምክንያቱን እንኳ ሳይነግሩ ለቀቁኝ። ጃኬቱን አደረስኩ። እናቱ የታሰረ እንጂ የሞተ ልጅ የለኝም ብለው ለዓመታት ስንቅ ይዘው ከደጅ ደጅ ዞሩ።

ያን ቅዳሜ ራስ ሆቴል ያደሩት ሁሉ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ቤታቸው ገብተዋል። ለዚህ ነው ሙዚቀኞቹን በቅንጦት የሚከስ ሰው የሚያበሳጨኝ። ያኔ መድረኩ ላይ መቆም ማለት ሰውን ከመንገድ ማቆየት ነበር።

አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሠራ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ቤልጂየም ታትሞ አውሮፓ ሰማው። ጆቫኒና ሰላም በኋላ ሮሃ ባንድን መሠረቱ፤ ከ250 በላይ አልበሞች ላይ እንደተጫወቱ ይነገራል። ካሴት ቤት የገባ ሰው ስማቸውን ባያውቅም እጃቸውን ያውቀዋል።

እኔ ወደ ፋብሪካው ተመለስኩ። የኪነት ቡድናችን በበዓል ቀን የሰልፍ መዝሙር እንዲጫወት ታዘዘ፤ አዲስ ድራም መቺም መጣ። ግጥሙ የአዛዦቹ ነበር። ባሱን ግን ራስ ሆቴል እንዳየሁት፣ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ እየጎተትኩ ተጫወትኩት። አዲሱ ልጅ ዞር ብሎ አየኝና ተከተለኝ፤ ሰልፈኛው እግሩ እየተሳሳተበት ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ።