በሐይቅና በአምባሰል መንገድ ስለ ገንፎና ስለ ሩዝ ሙቅ ያየነው

ከደሴ ተነሥተን በሰሜኑ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ሐይቅ ደረስን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕት ዓመት ያቀኑትን የእስጢፋኖስን ገዳም ተሳልመን ወደ አምባሰል ስናመራ መሸብንና ከአንድ ባላገር ቤት አደርን። በቤቱ አራስ ነበረችና ሳንጠራ የገንፎው ተካፋዮች ሆንን።

የአራሷ እናት ከደጋው የመጣውን የገብስ ዱቄት በሚፈላው ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ፥ በሁለት እጃቸው ያማስሉት ጀመር። እንዳይጓጉል፥ ከሥሩም እንዳያርር፥ ክንዳቸው ለአፍታ አላረፈም። ገንፎው ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር በጣባ ገልብጠው፥ መካከሉን ጎድጎድ አድርገው የተነጠረ ቅቤና በርበሬ አፈሰሱበት። (በጾም ቀን ተልባ ይተካዋል።) ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ጎረቤቶች «አብሽሪ» እያሉ ገብተው ከዚያው ጣባ ዙሪያ ተቀመጡ።

አማቻቸው ግን ከደሴ ገበያ ነጭ ሩዝ ይዞ መጥቶ ነበርና፥ «እማማ፥ ከዚህ ቢቀቅሉላት ድካሙ በቀረልዎ ነበር» አላቸው። እሳቸውም፥ «እጅህን ይባርከው ልጄ፤ ግን ቅቤውን በየትኛው ጉድጓድ ላፍስሰው?» ብለው አሳቁን።

ነገሩ ግን ከሣቅ ያለፈ ነው። በቻይና ሩዝ በብዙ ውሃ ፍሬው እስኪፈነዳ ተቀቅሎ ለቁርስም ለበሽተኛም ይቀርባል። የደቡብ ህንድ ሰዎች ካንጂ፥ ጃፓኖችም ካዩ ይሉታል፤ ጃፓኖች በየዓመቱ ጃንዩወሪ 7 ቀን ሰባት ዐይነት ቅጠል ጨምረው ይበሉታል። የተፈተገ ሩዝ ጠንካራ ልባስ ስለሌለው በውሃና በእሳት ብቻ ይፈርሳል። ገብስ ግን ገለባው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ነውና ሳይፈተግ፥ ሳይቆላና ሳይፈጭ ገንፎ አይሆንም። የሩዙ ሙቅ ጊዜን፥ ገንፎው ክንድን ይጠይቃል።

ሆኖም ሩዝን አብዝቶ መፈተግ ጉዳት አለው። ክርስቲያን ኤይክማን የተባለው የሆላንድ ሐኪም በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በጃቫ ሳለ፥ ነጭ ሩዝ ብቻ የበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲሰንፍ፥ ስስ ልባሱ ያልተገፈፈውን ሲመገቡ ግን ሲድኑ አየ። በሰው ላይ ይህን የመሰለው ደዌ ቤሪቤሪ ይባላል፤ ከበርበሬያችን ጋር ዝምድና የለውም። መነሻውም ከልባሱ ጋር የሚጣለው ቫይታሚን መጕደሉ ነው። ሐኪሙ ስለዚህ ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እኛ ሩዝን አናጥላላም፤ በፎገራ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ተስፋፍቶ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ሆኗል። ለአራስ ጥየቃ የሚሄዱ አንባቢዎቻችን ግን ሩዝ ሲወስዱ ገብሱን የሚያስተው አድርገው ባይወስዱት እንመርጣለን። 6 ወር ሞልቶት ምግብ ለሚጀምር ሕፃንም ቢሆን፥ የሩዝም ሆነ የገብስ፥ ከማንኪያ ላይ የሚፈስስ ቀጭን ሙቅ ሆድ ይነፋል እንጂ አያፋፋም።

ማታ ሩዙ በወተት ተቀቅሎ ለትልልቆቹ ልጆች ተሰጠ፤ አማቹም ደስ አለው። ሲነጋ እማማ በሶ ቋጥረው ሰጡን፤ የአምባሰልን ዳገት የወጣነው በእርሱ ነው።