ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

እኛ ጋ ዝናቡ ጥሩ ጀምሯል፣ ተመስገን ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዘር መጠንም ስለ ዋግም አይደለም። ባለፈው ሳምንት ወደ ወረዳ ከተማ ስሄድ መንገድ ዳር አንድ ትራክተር ቆሞ አየሁ። ተሳቢው በክሪክ ተነስቷል፣ አንዱ ጎማ ወልቋል፣ ከሥሩ የሰው ሁለት እግር ወጥቶ ይታያል። ከክሪኩ ሌላ ምንም ድጋፍ የለውም። ሞተሬን አቁሜ ወረድኩና "ወንድሜ፣ እባክህ መጀመሪያ ውጣ" አልኩት። "አለቀ እኮ፣ አንድ ብሎን ነው የቀረኝ" አለኝ ከሥር ሆኖ።

እኔ ደግሞ ይቺን "አለቀ እኮ" የምትል ቃል በደንብ አውቃታለሁ። አምና በሰኔ ወር እኔው ራሴ ነበርኩ ያልኳት። ለሰው ነግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት የምሠራው ሰሜን ሸዋ፣ መረሬ አፈር ባለበት አገር ነው። አምና ማዳበሪያ ዘግይቶብን ነበር። የስንዴ ዘር ጊዜ ደርሶ ገበሬው በየቀኑ አህያውን እየነዳ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ይውል ነበር። "ዲኤ፣ መቼ ነው የሚመጣው?" ሲሉኝ የምመልሰው እስኪጠፋኝ ድረስ ተጨንቄ ነበር። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ጭኖ ሲመጣ እኔም ጋቢና ገብቼ አብሬ መጣሁ። 100 ከረጢት ማለት ነው፤ ጭነቱ ብቻ 5 ቶን።

ከመጋዘኑ ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ከድርቡ የውስጠኛው ነው። ቦታው ትንሽ ተዳፋት ነው፣ ሌሊት ዘንቦበታል፣ ከወደ ምሥራቅ ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል። ሾፌሩ "ጭነቱን ትንሽ ብናቃልል ጥሩ ነበር፣ ጠፍጣፋ እንጨትም ብንፈልግ" አለ። እኔ ያሰብኩት ዩሪያውን ነው። መሬት ላይ ወርዶ ዝናብ ቢመታው ሟሙቶ አለቀ። "ለአምስት ደቂቃ ሥራ ምን እንጨት ያስፈልጋል፣ ዝናቡ መጣብን እኮ!" አልኩ። ልጅ ነኝ፣ ግን ባለሙያ ነኝ፣ ማዳበሪያው የመጣው በኔ ነው፤ ሰሙኝ።

ረዳቱ ከኔም የሚያንስ ልጅ ነው። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አምጥቶ ክሪኩን እላዩ ላይ አቆመና አነሳው። ሁለቱንም ጎማ አወለቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጎማው ሲወልቅ ግን የባሌስትራው ብሎን ላልቶ አየ። "ከተከፈተ አይቀር ላጥብቀው" ብሎ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥር ገባ። እኔ ደግሞ ተንበርክኬ ቁልፍ አቀብለው ነበር። "ፍጠን በናትህ፣ አለቀ እኮ" እለዋለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጡ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የዚያው ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ማዳበሪያቸውን ሊወስዱ አህያ ይዘው ሲሄዱ ነው ያገኙን። ቆም ብለው አዩና ምንም ሳይሉ ያን የወለቀ ጎማ ከልጃቸው ጋር እየገፉ መኪናው ሥር፣ ሻንሲው በታች አስተኙት። ሁለተኛውን ደግሞ እላዩ ላይ ደረቡት። እኔ ሳቅ አልኩና "ጋሼ፣ ደግሞ ይሄ ምን ያደርጋል?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እዚህ መሬት ላይ ሲዘንብ እኔ በሬ እንኳ አላቆምም" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ድንጋዩ በአንድ ጎኑ ሰመጠ። ክሪኩ ዘመም ሲል አየሁት፤ አፌን ከፍቼ ለመጮኽ እንኳ አልደረስኩም። መኪናው ወረደ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አፈሩ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ ዝም።

የሻንሲው ብረት በሁለቱ ጎማዎች ላይ አርፎ ነበር። በብረቱና በልጁ ደረት መካከል አንድ ስንዝር ብትቀር ነው። አንድ ክንዱ ተይዟል፣ ሸሚዙ ተጣብቋል፣ ግን ይተነፍሳል። ጋሼ "ማንም እንዳይጎትተው!" ብለው ጮኹ። ሾፌሩ ከፊት ጎማዎቹ ታኮ አደረገ። ከመጋዘኑ ሰው ሮጦ መጣ፤ ከረጢቱን አወረዱ። ክሪኩን የስፖንዳውን ሰፊ እንጨት አንጥፈው እንደገና አቆሙት፣ ትንሽ ትንሽ እያነሱ ከጎኑ ድንጋይና እንጨት እየከተቱ ልጁን አወጡት። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ሌላው ተረፈ። ማዳበሪያው ላይ ሸራ ተደረገበት፣ ዝናቡም ዘነበ። የሚሟሟ አልሟሟም። እኔ የፈራሁለት ነገር ሁሉ በአንድ ሸራ የሚያልቅ ነበር።

አሁን ሁልጊዜ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። የተማርኩት ግብርና ነው፤ ዲፕሎማዬም እሱ ነው። ማሠልጠኛ ጣቢያ ላይ ቆሜ ስለ መረሬ አፈር የማስተምረው እኔ ነኝ። "መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ውኃ ይይዛል፣ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ሹሩቤ አውጡ፣ ቢ.ቢ.ኤም ተጠቀሙ፣ ውኃውን አጠንፍፉ" እላለሁ። ሲርስ በሬ እንኳ እግሩ እንደሚሰምጥ አስተምራለሁ። የተማርኩትን ግን ማሳ ላይ ብቻ ነው የማስበው። መንገድ ዳር ያለው ያው አፈር 5 ቶን በእጅ መዳፍ በምታህል ብረት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። ጋሼ ትምህርት ቤት አልገቡም፣ እሳቸው ግን አሰቡ።

ከዚያ በኋላ ከሾፌሩ ጋርም፣ ከተማ ካለ ጋራዥ መካኒኮች ጋርም ብዙ ተነጋግሬያለሁ። እናንተም ዛሬ አንዳንዶቻችሁ ትራክተር ትከራያላችሁ፣ በማኅበር አይሱዙ የገዛችሁም አላችሁ፣ ልጆቻችሁ ረዳት ሆነው የሚሠሩ ሞልተዋል። ስለዚህ የተረዳሁትን እንደ ወትሮው በተራ በተራ ላስቀምጥላችሁ።

1. ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው። የዘይት ክሪክ ሸክሙን የሚይዘው ውስጡ ባለው ዘይት ነው። ዘይቱን የምትይዘው ደግሞ ትንሽ ጎሚኒ ናት። ጎሚኒዋ ካረጀች ክሪኩ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። በእጅ የሚዞረውም ቢሆን እግሩ ጠባብ ስለሆነ በትንሽ ግፊት ይጋደማል። ስለዚህ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። እጅም ጭንቅላትም ቢሆን።

2. ካነሳችሁ በኋላ የሚሸከም ነገር አስገቡ። ጋራዥ ውስጥ ካቫሌቶ የሚሉት ባለ እግር ብረት ማቆሚያ አለ፤ ዋናው መፍትሔ እሱ ነው። ማኅበር ያላችሁ ተዋጥታችሁ ሁለት ግዙ፣ የመኪናውን ክብደት የሚችል መሆኑን ጠይቃችሁ። መንገድ ላይ ከሌለ ወፍራም የግንድ ቁራጭ አግድም አግድም እየተነባበረ፣ አንዱ ዙር ወዲህ ሌላው ዙር ወዲያ እየሆነ ይደረደራል። ብሎኬት ግን በጭራሽ! ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰበር በአንዴ ይፈርሳል። ድርድር ድንጋይም ይንሸራተታል።

3. የወለቀውን ጎማ ሻንሲው ሥር አስተኙ። ይሄ የካቫሌቶ ምትክ አይደለም፣ ተጨማሪ ዋስትና ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጎማው እንደሆነ እዚያው ወድቋል። የዚያን ልጅ ሕይወት ያተረፈው ይሄ ነው።

4. መሬቱን እዩ። መኪናው መንዳት ከቻለ ጥቂት ቀስ ብሎም ቢሆን ወደ ጠጠር ወይም ደልዳላ ቦታ ይሂድ። ጎማ ቢበላሽ ከሰው ይሻላል። እርጥብ መረሬ ላይ ግድ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። አንድ ድንጋይ አይበቃም፤ ሸክሙን አያሰፋውም፣ ራሱ ይሰምጣል። ክረምት ሲገባ ጣውላዋን መኪናው ላይ አስቀምጧት፣ እዚያው ትኑር።

5. ታኮ አትርሱ። ብዙ ሰው "የእጅ ፍሬን ይዣለሁ" ይላል። በብዙ መኪና ግን የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። የኋላው ጎማ ከመሬት ከተነሳ ፍሬኑ ምኑን ይይዛል? መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ አጥብቁ።

6. የጎማውን ብሎን ማላላት ከማንሳት በፊት ነው። ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ አላሉት፣ ከዚያ አንሱ። ተነስቶ ከቆመ በኋላ በጉልበት ቁልፍ መግፋት መኪናውን ከክሪኩ ላይ ያወርደዋል። ሲታሠርም እንዲሁ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ መሬት ከነካ በኋላ ነው።

7. ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ከውጭ ሆናችሁ ማለቴ ነው። ከተወዛወዘ አውርዳችሁ እንደገና ጀምሩ። የሚወድቅ ከሆነ ማንም ሥሩ ሳይኖር ይውደቅ።

8. ጭነት ካለ አቃልሉ። ሰውም ከላይ አይቀመጥ። ሞተር ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ልጆች ይራቁ።

ትራክተር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማረሻው በሃይድሮሊክ ተነስቶ እያለ ከሥሩ ገብቶ ጭቃ መጥረግ ወይም ዲስክ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ አያለሁ። እሱም ያው በዘይት የተያዘ ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም ልጅ እጀታውን ቢነካው ማረሻው ይወርዳል። ወደ መሬት አውርዱት፣ ሞተር አጥፉ፣ ከዚያ ሥሩ። የግድ ከፍ ብሎ መሠራት ካለበት ከሥሩ ግንድ ይደገፍ። ገልባጭ ተሳቢም ወደ ላይ እንደተነሳ ሳይደገፍ ከሥሩ አይገባም።

ከሥር ሰው የተያዘ እንደሆነ ጋሼ ያሉትን አስታውሱ፦ አትጎትቱ። መጀመሪያ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ታኮ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ በተነሳ ቁጥር ድጋፍ ማስገባት። ሌላ ሰው ደግሞ ለማዳን ብሎ ዘሎ ሥሩ አይግባ። ሰውየው ወጥቶ "ደህና ነኝ" ቢልም ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የውስጥ ጉዳት ላይ ላዩን አይታይም።

ይሄን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ግን እኔን የሚከነክነኝ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የዚያን ቀን ሾፌሩ ትክክለኛውን ያውቅ ነበር። እንጨት እንፈልግ ብሏል። ያስቆመው የኔ አፍ ነው። እኔ ሥሩ አልገባሁም፣ ውጭ ቆሜ ነው "ፍጠን" ያልኩት። አስቡት፤ ሰዓት የሚቆጥረው ውጭ የቆመው ነው፣ የሚከፍለው ግን ሥሩ ያለው ነው። ባለ ጭነት ሆናችሁ፣ ተሳፋሪ ሆናችሁ፣ ትራክተር ተከራይታችሁ ቀኑ ሲመሽባችሁ ያቺ ቃል ምላሳችሁ ላይ ትመጣለች። ዋጧት። ይልቅ ሄዳችሁ ጣውላ ፈልጉ።

ልጁ ክንዱ ድኗል፣ አሁንም መኪና ላይ ነው የሚሠራው። ይቅርታ ስጠይቀው "ተወው ዲኤ፣ እኔም እኮ ቸኩዬ ነበር" አለኝ። አልቀለለኝም፣ ግን አመሰገንኩት። ጋሼ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር "እህ፣ ጎማው ምን ያደርጋል?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ያን የትራክተር ልጅም ባለፈው ሳምንት አስወጥቼዋለሁ። ተቆጥቶ ነው የወጣው። ከአጥር ሁለት ግንድ ለምነን ከደገፍነው በኋላ ግን ተመልሶ ገባና ያቺን አንድ ብሎን አጠበቀ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሾፌር፣ ረዳት ወይም የትራክተር ኦፕሬተር ለሆነ ዘመዳችሁ ይሄን አንብቡለት፣ ሼር አድርጉለት። በሚቀጥለው ስለ ዩሪያ ጭማሪ ጊዜ እመለሳለሁ። መልካም የዘር ወቅት፣ ደህና ሰንብቱ።